«ሚዛን እኮ የለንም እቤት»፦ ልጆች ስለ አካላዊ ችሎታቸው የሚያስቡትን ለመለካት የሞከርንበት አንድ ጉዳይ

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ጉዳዩን ያመጣችው አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ናት። ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጆቹ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉ ናቸው። በያዘችው ደብተር ላይ የሩጫ፣ የዝላይና የኳስ ውርወራ ውጤት በስም ዝርዝር ተሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ የለካችው ነው። እኔ ጋ የመጣችው ግን ስለ ውጤቱ ልትጠይቀኝ አልነበረም።

«ይቺን ልጅ ተመልከት» አለችኝ። «በምልልስ ሩጫ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ጨዋታ ሲጀመር ግን ሁሌ ዳር ነው የምትቀመጠው። ለምን ስላት፣ እኔ አልችልም ትለኛለች። እንዴት ነው የማትችለው?»

የእኔ ሥራ መጠይቅና ፈተና ማዘጋጀት፣ ከዚያም የሚመጣውን ቁጥር መተንተን ነው። በስፖርት እዚህ ግባ የምባል ሰው አይደለሁም። ጥያቄዋ ግን በደንብ ገባኝ። እግሩ ምን ያህል እንደሚሮጥ ታውቃለች። የማታውቀው ልጁ ስለ እግሩ ምን እንደሚያስብ ነው። ይሄን እንለካው ተባባልን። እንደ ቀላል ነገር።

ከዚህ በታች ያለው የአንድ ዓመት ተኩል ሥራ ነው። ልጆቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

ልንለካ የፈለግነው ነገር

በእንግሊዝኛው ፊዚካል ሊተራሲ ይሉታል። ቃል በቃል ከመለስነው «አካላዊ ማንበብና መጻፍ» ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ ሜዳ ላይ ደብተር ይዞ መቆም ነው የሚመስለው። እኔ ቃሉን እንዳለ እጠቀማለሁ። አማርኛ ያልፈጠርንለትን ነገር የፈጠርንለት ማስመሰል አልወድም።

ሐሳቡን በዘመናዊ ቅርጹ ያስተዋወቀችው እንግሊዛዊቷ የትምህርት ምሁር ማርጋሬት ዋይትሄድ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1993። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው የጡንቻ ብርታት ብቻ አይደለም። ፍላጎቱ፣ በራስ መተማመኑ፣ አካላዊ ብቃቱ፣ ዕውቀቱና ግንዛቤው አንድ ላይ ናቸው። አውስትራሊያውያን በ2019 ባወጡት ማዕቀፍ ማኅበራዊውን ጎን ለብቻው አስቀመጡት። አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ማኅበራዊና የግንዛቤ ብለው በ4 ዘርፍ ከፈሉት። በውስጡ 30 ነጥቦች አሉ። ለእኛ ሥራ የጠቀመን ይሄኛው ነው። ዳር የምትቀመጠው ልጅ ችግር ከአካላዊው ዘርፍ ውጭ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ጠርጥረን ነበር።

ብቃትን የሚለኩ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ካናዳውያን ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ያዘጋጁት ምዘና ለምሳሌ የምልልስ ሩጫ፣ በክርን ተደግፎ መቆየትና የመሰናክል መንገድ አለው፤ ከዚያ ጋር መጠይቅም አለ። እኛ የፈለግነው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ማለትም ልጁ ራሱን እንዴት ያያል? ይሄ በሩጫ ሰዓት አይለካም። መጠየቅ አለበት።

ለምን ያስጨንቃል ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ146 አገሮች መረጃ ላይ በተሠራ ስሌት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ 81 በመቶ የሚሆኑት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች እዚህ አይደርሱም። ሴቶቹ 85፣ ወንዶቹ 78 በመቶ ናቸው። «አልችልም» የሚለው ቃል ሥር ከመስደዱ በፊት መስማት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ በአንድ ማታ የተተረጎመ መጠይቅ

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንድ መጠይቅ አገኘሁ። ባለቤቶቹን ሳላስፈቅድ፣ በአንድ ማታ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። ለሙከራ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊቱ 5 ሳጥን ነበረው፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»።

መምህርቷ በክፍለ ጊዜዋ አከፋፈለችው። ልጆቹ እንደተለመደው ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። እሷ በመካከላቸው ትዘዋወራለች። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ካልሞላሁት ነጥብ ይቀነሳል?» አለ። አይቀነስም አለችው። ማንም ያመናት አይመስለኝም። በ15 ደቂቃ ሁሉም ጨርሶ ሰጠ።

ማታ ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። ክሮንባክ አልፋ የሚባል መለኪያ አለ። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳይ ነው። ከ0.70 በላይ ከሆነ ብዙ ሰው ደህና ነው ይላል። የእኛ ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። ደስ አለኝ። ደውዬ ነገርኳት።

በነጋታው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ደስታዬ በነነ። አንዱ ልጅ ከላይ እስከ ታች 5 ላይ ምልክት አድርጓል። ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ሌላዋ ከላይ እስከ ታች 4። ሌላው 3። እያንዳንዱ የወደደውን ዓምድ መርጦ ወርዶበታል። አልፋ ደግሞ ይሄን ይወዳል። አንድ ልጅ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ዓይነት ከመለሰ፣ ሌላውም በራሱ ዓምድ ከወረደ፣ ጥያቄዎቹ «ተጣጣሙ» ማለት ነው። መለኪያው ልጁ ማንበቡንና አለማንበቡን አያውቅም።

ማረጋገጫው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ነበር። ሆን ብዬ ያስገባኋቸው ሁለት የተገለበጡ ጥያቄዎች ነበሩ፤ «ስሮጥ ቶሎ አልደክምም» እና ዝቅ ብሎ «ስሮጥ ቶሎ ይደክመኛል»። ግማሽ የሚሆኑት ልጆች በሁለቱም «በጣም እስማማለሁ» ብለዋል። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ለትንንሾቹ የተገለበጠ ጥያቄ ራሱ ችግር ነው። «አይደክመኝም ለሚለው አልስማማም» ብሎ ማሰብ ለአዋቂም ጭንቅላት ያዞራል። ስለዚህ ያ ጥያቄ ያላነበበውንም፣ አንብቦ የተምታታበትንም አንድ ላይ ነው የያዘው።

አንዱን ዴስክ ብቻ ለይቼ አየሁ። የሦስቱም ልጆች መልስ አንድ ነው። ስህተት የሠራው አንደኛው ልጅ መስመር ዘሏል፤ ሁለቱም አብረውት ዘለዋል።

ከ12 ልጆች ጋር ቁጭ ስንል

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ጠቃሚው ነበር። ከየክፍሉ 3 ልጆች መረጥን፤ በአጠቃላይ 12። ከወላጆቻቸው ፈቃድ ወሰድን፤ ልጆቹንም ጠየቅናቸው። ሁለት እምቢ አሉ፣ በሌሎች ተኩ። አንድ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየተቀመጡ ጥያቄውን ጮክ ብለው እንዲያነቡና የገባቸውን በራሳቸው ቃል እንዲነግሩኝ አደረግሁ። መልስ አልጠየቅኋቸውም። የጠየቅኋቸው የጥያቄውን ትርጉም ነው።

«ሚዛኔን በደንብ እጠብቃለሁ» የሚል ጥያቄ ነበር። ሰውነትን ሳይወድቁ ማቆም ማለቴ ነው። የ9 ዓመቷ ልጅ አነበበችው። ዝም አለች። እንደገና አነበበችው።

«እስቲ ምን ማለት ይመስልሻል?»

«ቲቸር፣ ሚዛን እኮ የለንም እቤት።»

«ቢኖራችሁስ?»

«ያው… ሌባ እንዳይወስደው መጠበቅ።»

ሳቄን ዋጥኩት። ልጅቷ ትክክል ናት። ሚዛን ዕቃ ነው፣ መጠበቅም ዘበኝነት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ለዚህ ጥያቄ 5 ነበር የሰጠችው። ስለ ሌባ የተሰጠ 5 ማለት ነው።

«ተነሳሽነት አለኝ» ለሚለው ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ጠዋት በጊዜ ከአልጋ መነሳት ነው አሉ። አንዱ እንዲያውም በኩራት፣ «እኔ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነው የምነሳው» አለኝ። «ሰውነቴን እቆጣጠራለሁ» ለአንዷ ገላዋን በየቀኑ መታጠብ ነበር። «ጽናት» የሚለውን ቃል ያወቁት የ7ኛ ክፍሎቹ ብቻ ናቸው። እነሱም የፈተና ጽናት ነው የመሰላቸው።

ከሁሉም ያስገረመኝ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ነው። «ኳስ በመቅለብ ጎበዝ ነኝ» የሚለው ለእኔ በጣም ቀላል አማርኛ ነበር። ለልጆቹ ግን ጎበዝ ማለት በደረጃ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ተማሪ ነው። አንድ ልጅ በፍጹም ቅንነት፣ «እኔ ጎበዝ አይደለሁም፣ አሥራ አራተኛ ነኝ» አለኝ። ስለ ኳስ ጠይቄው ስለ ሒሳብ መለሰልኝ።

ጥያቄዎቹን በሙሉ አፍርሰን ሠራናቸው። መመሪያችን አንድ ነበር፦ ዓይን የሚያየውን ነገር ጻፍ። «ሚዛኔን እጠብቃለሁ» ቀረና «በአንድ እግሬ ቆሜ ሳልወድቅ እቆያለሁ» ሆነ። «ጽናት አለኝ» ወጣና «ብዙ ሮጬ ገና መሮጥ እችላለሁ» ገባ። «ተነሳሽነት» ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። አንደኛው «ማንም ሳያዘኝ ወጥቼ እጫወታለሁ» የሚል ነው። ጎበዝን ጭራሽ አባረርነው።

ሌላም የአማርኛ ጣጣ ነበር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «አንተ» አለው። እኛ «ትችላለህ» ብንል ሴቶቹ ይወጣሉ። «ትችያለሽ» ብንል ወንዶቹ ይስቃሉ። «ትችላለህ/ትችያለሽ» እየተባለ በየመስመሩ እዝባር ከተደረገ ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ ማንበብ ያቅተዋል። መፍትሔው በአንደኛ መደብ መጻፍ ሆነ፤ «እችላለሁ፣ እወዳለሁ፣ ይገባኛል»። አማርኛ እዚያ ጋ ጾታ አይለይም። አስቀድሞ ሊታየኝ ይገባ ነበር፣ ግን አልታየኝም።

«አንዳንድ ልጆች» እና የሥዕሉ ነገር

አምስቱን ሳጥንም ተውነው። በምትኩ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ሃርተር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው መለኪያ የታወቀውን አጠያየቅ ወሰድን። ሁለት ዓይነት ልጆች ይቀርባሉ። «አንዳንድ ልጆች የተወረወረላቸውን ኳስ ይቀልባሉ። ሌሎች ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣቸዋል። እኔ የምመስለው የትኞቹን ነው?» ልጁ አንደኛውን ይመርጣል። ከዚያ «በጣም ነው የምመስላቸው ወይስ ትንሽ?» ይባላል። ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይወጣዋል።

ጥበቡ ያለው «አንዳንድ ልጆች» የሚለው ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ሰው አለው። ኳስ የሚያመልጠው ልጅ ብቻውን አይደለም። ስለዚህ እውነቱን መናገር አያሳፍርም። ዐይናችን እያየ ነው የሠራው። መጀመሪያ ለሁሉም ጥያቄ 5 የሰጡት ልጆች አሁን ተበተኑ።

ለትንንሾቹ ሥዕል ጨመርን። በአውስትራሊያው ማዕቀፍ ላይ ተመሥርቶ ለልጆች የተዘጋጀ፣ 30 ጥያቄ ያለው የሥዕል መጠይቅ አለ። እዚያ የተሣሉት ጥንቸሎች ናቸው። መጀመሪያ ሳየው ቀልድ መሰለኝ። በኋላ ምክንያቱ ገባኝ። ጥንቸል ወንድም ሴትም፣ ቀጭንም ወፍራምም፣ ጠይምም ቀይም አይባልም።

እኛ ያን ሳናገናዝብ ሰው አሣልን። የ7ኛ ክፍል ሥዕል የሚችል ልጅ ፈልገን ጥሩ አድርጎ ሣለልን። ግን አንድ ነገር አደረገ፤ የሚችለው ልጅ እየሳቀ ነው፣ የማይችለው ደግሞ ተኮሳትሯል። በሙከራ ስናሳያቸው ልጆቹ ገና ጥያቄውን ሳንጨርስ የሚስቀውን ይጠቁማሉ። አንዷን ለምን ይሄን መረጥሽ ስላት፣ «ደስ ስለሚለው» አለችኝ። የለካነው ፈገግታን ነው። ፊታቸውን ደምስሰን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ፊት ሰጠናቸው። ወንድ ሥዕል ብቻ የነበረባቸውን ጥያቄዎችም ተውን፤ ሴቶቹ «ይሄ የወንድ ጨዋታ ነው» እያሉ ያልፏቸው ነበር።

ሁለተኛው ዙር

በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ያከፋፈለችው መምህርቷ አልነበረችም። ልጆቹ የማያውቁት ሰው፣ ማለትም እኔ ነበርኩ። ዴስኮቹን አራራቅን። ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ በመጀመሪያው ዙር ግን ከትንንሾቹ የሰበሰብነው በከፊል የንባብ ችሎታቸውን ነው። ሦስት የመለማመጃ ጥያቄ አስቀደምን። ስለ ሰውነት አይደሉም። አንደኛው «አንዳንድ ልጆች ድመት ይወዳሉ፣ ሌሎች ልጆች ግን ውሻ ይወዳሉ» የሚል ነው። በዚህ ሁሉም አጠያየቁን ለመዱት።

ጊዜ ወሰደ። ከ15 ደቂቃ ወደ 35። መምህርቷ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ መጠይቅ ደገምነው። ነገሩ በአንድ ቀን ስሜት የሚወዛወዝ እንዳይሆን ነው። ሦስቱ ክፍሎች በአብዛኛው ቀድሞ የሰጡትን መልስ ሰጡ። የ6ኛ ክፍሎቹ ግን ማኅበራዊው ዘርፍ ላይ በጣም ተለዋወጡ። መጠይቁን ጠረጠርኩት። መምህርቷ ሳቀችብኝ። በሁለቱ ሳምንታት መካከል የክፍሎች የኳስ ውድድር ነበር፣ የ6ኛ ክፍሎቹም በቡድን አመራረጥ ተጣልተው ነበር። መለኪያው አልተወዛወዘም፤ ልጆቹ ናቸው የተጣሉት። የድግግሞሹን ቀን ከመያዝ በፊት የትምህርት ቤቱን የዝግጅት ሰሌዳ ማየት እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም።

ሁለት ልጆች፣ ሁለት ሜትር

አሁን ወደ ሯጭዋ ልጅ ልመለስ። 12 ዓመቷ ነው። በመጠይቁ ላይ «አንዳንድ ልጆች ሲሮጡ ፈጣን ናቸው፣ ሌሎች ልጆች ግን ቀስ ይላሉ» የሚለው ላይ ቀስ የሚሉትን መረጠች፤ «ትንሽ እመስላቸዋለሁ» ብላ። የመምህርቷ ደብተር ደግሞ አንደኛ ነሽ ይላታል።

ይሄን ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። መልሱን ከሩጫው ውጤት ጋር ያስተያይና ልጁ ራሱን አያውቅም ይላል። እኔ ግን ጠየቅኋት፤ «ይሄን ስትመርጪ ማንን አሰብሽ?»

«ወንድሜን።»

ወንድሟ 17 ዓመቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሌም አብረው ይሮጣሉ፣ ሁሌም ይቀድማታል። ዕድሜዋን ሙሉ ተሸንፋለች።

ሌላ ልጅ ደግሞ አለ፣ 10 ዓመቱ ነው። በቀጭን አግዳሚ ላይ መራመድ አይችልም። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። ራሱን ግን «በጣም» ብሎ ከሚችሉት ጋር ነው የመደበው። ለምን ስለው ግራ ገባው። «አምና አንድ እርምጃ አልሄድም ነበር እኮ!» አለኝ።

እሷ የተለካችው በወንድሟ ነው። እሱ የተለካው በአምናው ራሱ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። የያዙት ሜትር ነው የተለያየው። በጥናቶችም ልጆች ስለ ችሎታቸው የሚያስቡትና በተግባር የሚያሳዩት ነገር ዝምድናው ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ ብቻ የሚሆነው በከፊል በዚህ ይመስለኛል። ዕድሜም አለበት። ትንንሾቹ መጣርንና መቻልን ገና አይለዩም፤ ብዙ ከሞከርኩ እችላለሁ ማለት ነው ይላሉ። ስለዚህ ራሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እያደጉ ሲሄዱ እርስ በርስ መተያየት ያበዛሉ፣ ግምታቸውም ወደ እውነቱ ይቀርባል። ለአንዳንዱ ይሄ መልካም ዜና አይደለም። ከፍ ያለው ግምት እስካለ ድረስ ልጁ ወጥቶ ይጫወታል። ሲወርድ ዳር ይቀመጣል። እና የ9 ዓመት ልጅን ከፍ ያለ ግምት ለማረም መቸኮል ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

«ማንን አሰብክ?» የሚለውን በጽሑፍ ለሁሉም ለመጠየቅ ሞከርን። አልሠራም። አብዛኛው «ማንንም» ብሎ ጻፈ። በቃል ሲጠየቁ ግን ያወሩታል።

የርዕሰ መምህሩ ጥያቄ

ርዕሰ መምህሩ ሥራውን ወደዱት። ከመጠን በላይ ወደዱት። «ይሄ ውጤት ለምን ካርድ ላይ አይወጣም? ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ብታወጡልኝ» አሉን።

አስረዳናቸው። ልጁ ስለ ራሱ የሚያስበው ነገር ካርድ ላይ እንደሚወጣ ያወቀ ዕለት፣ በሚቀጥለው ዙር ሁሉም 4 ነው የሚሆነው። ደግሞስ በራሱ የማይተማመን ልጅ ላይ «በራስ መተማመን፦ 30ኛ» ብሎ መጻፍ ምን ዓይነት ቅጣት ነው? ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የተስማማነው የክፍል አማካይ ብቻ፣ በየዘርፉ ተለይቶ፣ ስም ሳይኖረው እንዲደርሳቸው ነው። የየልጁን መልስ መምህርቷም አላየችም። የሯጭዋን ታሪክ ያወቀችው ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ስለነገረቻት ነው።

ምን ተለወጠ፣ ምን አልተለወጠም

አራቱን ዘርፎች ደምሮ አንድ ነጥብ ማውጣት ያጓጓል። መጀመሪያ ደምረን አየነው። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ሆኑ፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ለየብቻ ሲቀመጡ ግን የ7ኛ ክፍል ሴቶች በአካላዊው ዘርፍ ከወንዶቹ ብዙም አልራቁም፤ በማኅበራዊው ግን ወርደዋል። በተለይ «ጨዋታ ሲጀመር ሌሎች ልጆች ያስገቧቸዋል» በሚለው ላይ።

መምህርቷ ወዲያው ገባት። ቡድን የሚመረጠው ሁለት አምበል ቆመው ተራ በተራ ስም እየጠሩ ነበር። መጨረሻ የሚጠሩት ሁሌም የታወቁ ናቸው። ያንን አስቀረችው። በቀለም ካርድ ዕጣ ማውጣት ጀመረች። የምልልስ ሩጫውም ውጤት ጮክ ተብሎ መነበቡ ቀረ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ልጅ ያለፈውን የራሱን ውጤት ያያል። የ10 ዓመቱን ልጅ ሜትር ለሁሉም ሰጠች ማለት ነው።

ከአንድ መንፈቅ በኋላ እንደገና ለካን። ማኅበራዊው ዘርፍ ከፍ ብሏል። ስለ አካላዊ ችሎታቸው ያላቸው ግምት ንቅንቅ አላለም። የግንዛቤውም እንዲሁ። ከፍ ያለው በዕጣው ምክንያት ነው ብዬ ግን አልፈርምም። ያልተነካ ማወዳደሪያ ክፍል አልነበረንም፤ ልጆቹም በዚያ መካከል ግማሽ ዓመት አድገዋል።

ሯጭዋ ልጅ አሁን ትገባለች፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ወንድሟ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የትኛው ነገር እንደጠቀማት አንዳችንም አንናገርም።

ሌላ ቦታ ለሚሞክረው

መጠይቁን ከማባዛትህ በፊት ጥቂት ልጆች አናግር። አሥር ይበቃል። መልሳቸውን ሳይሆን የገባቸውን ጠይቅ። እኔ አንድ ዙር ሙሉ ያቃጠልኩት ይሄን ዘልዬ ነው፤ የተቃጠለው ደግሞ የልጆቹም ጊዜ ነው።

የሌላ ሰው መጠይቅ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅድ። በኋላ ጽፈን ስንጠይቅ ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የመለሱልን፤ ለትርጉም የሚመክሩትን አካሄድም ላኩልን። ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ የግድ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም። «ሚዛኔን እጠብቃለሁ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ፍጹም ትክክል ነው የሚሆነው። የተርጓሚው ጭንቅላት ውስጥ ሌባ የለም።

ለአዋቂ የተሠራን መለኪያ ለልጅ አታውርድ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አጭሩና ታዋቂው መጠይቅ፣ 9 ጥያቄ ያለው፣ መጀመሪያ የተሠራው ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ነው። ለጎረምሶች የዋለው እነሱ ላይ እንደገና ከተፈተሸ በኋላ ነው። ፍተሻው ነው ዋናው።

አልፋ ሲያምር ወረቀቶቹን በእጅህ አገላብጥ። ቀጥ ያለ መስመር በዓይን ይታያል።

የሚያስተምረውና የሚጠይቀው ሰው ይለያይ። ካልተቻለ ቢያንስ ወረቀቱ ታሽጎ በልጁ እጅ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

እኛ ጋ ያልተፈታው የትልልቆቹ ነገር ነው። የ13 ዓመቶቹ ሥዕሉን ሲያዩ፣ «ይሄ የሕፃን ነው» ብለው ተሳሳቁ፣ አንዳንዱም ለቀልድ ሞላው። ሥዕሉን አውጥተን ጽሑፉን ብቻ ብንሰጣቸው ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር ማወዳደር እንችላለን ወይ የሚለው ገና አልለየለትም። ለእነሱ አዲስ ቅጂ ጽፈናል። «ተነሳሽነት» አሁንም የለበትም። በመጪው ሳምንት ከእነሱ ከጥቂቶቹ ጋር ቤተ መጻሕፍት እንቀመጣለን።